ስንዝር

ከለገጣፎ ማዶ፣ ባላለቀ ፎቅ ሥር፣
ዘበኛ ነኝ፤ የምጠብቀው ብረት፣ ብሎኬት፣ አጥር።
ባለቤቱ ከጠፋ ሦስተኛ ክረምት አለፈ፣
ሲሚንቶው በከረጢቱ ድንጋይ ሆኖ አረፈ።

ንጋት ላይ፣ ተተኪዬ ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣
ሰባት ቁጥሬን ከበር ኋላ አወጣለሁ፤ ብረት ነው፣
እጀታው ቢላጥ በከመነዳሪ የጠቀለልኩት፣
አንድ ዶክተር «ተጣመመ» ብለው ሲጥሉት ያነሣሁት።
ኳሶቼ አሥራ አንድ ናቸው። አንዷ ተሰንጥቃለች።

አሥራ አራት ዓመት ካዲ ነበርኩ፣
የሰው ቦርሳ ተሸክሜ ሣር ስለካ የኖርኩ።
የማን ትከሻ እንደሚከፈት፣ የማን ጉልበት እንደሚላላ፣
ኳሷ ሳትነሣ ዐውቃለሁ፣ ቆሜ ከሰውየው ኋላ።
የራሴን ግን አላውቅም።
የራሴን ስመታ መሬቱ ይቀድማል፣
ብረቱ አፈር ይዝቃል፣ እስከ ክርኔ ያማል፤
ኳሷም ሦስት እርምጃ ሄዳ
ትቀመጣለች፣ እንደ እንግዳ።

ጤፋቸውን ሊያዩ የወጡት ጎረቤቴ ኦቦ ሆርዶፋ
አጥሩ ላይ ክርናቸውን ጥለው፣ አዩኝ እንዲያ ስለፋ።
«ጉድጓድ ከሆነ» አሉኝ፣ «ጠዋት ጠዋት ጉዳይህ፣
አካፋ አለኝ፤ ላውስህ፣ እንዲህ ስትደክም ከማይህ።»

ለጋሽ ድንበሩ ደወልኩ፣ ለካዲዎች የድሮ አለቃ።
ሳቁ፣ ሳሉ፣ ደግሞ ሳቁ፤ «በቃ» አሉኝ፣ «በቃ፣
ፎጣ አለህ?» «አለኝ።» «አራት ቦታ አጥፈህ
ከኳሷ ኋላ አስቀምጠው፣ ስንዝርህን ለክተህ።
ፎጣው ከተነሣ፣ ኳሷን አልመታሃትም፤
አትነዝንዘኝ፤ ሌላ መድኃኒት የለውም።»
ሊዘጉት ሲሉ ግን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣
«አታንሣት። ውረድባት። መነሣቱ የሷ ሥራ ነው።»

ፎጣው የልጄ ነበር፣ በሕፃንነቷ። ጠርዙ ላይ ዳክዬ አለበት።

መጀመሪያ ቀን፣ ሠላሳ ሁለት ጊዜ በረረ፤
የዳክዬዋ ዐይን ጭቃ ገባው፣ ምንቃሯም ተሰበረ።
ሁለተኛ ቀን፣ ሃያ ስምንት።
ሦስተኛው ቀን ዝናብ።
አራተኛ ቀን፣ እንደገና ሠላሳ።

ያን ዕለት ብሎኬት ላይ ተቀምጬ፣ ወገቤን እያሸሁ፣
ገባኝ መሰለኝ።
አሥራ አራት ዓመት ይህ ገላ የተማረው ማንሣት ነዋ!
ቦርሳ። ባንዲራ። የወደቀ ኮፍያ።
ከአሸዋ ጉድጓድ የሰው ኳስ።
እጄ ዱላ ሲጨብጥ ዛሬም የሚያስበው
እታች የወደቀ ነገር አለ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።

ኳሶቹን ኪሴ ከተትኩ።
በኖራ ቁራጭ መስመር አሰመርኩ፣
ከመስመሩ ወዲያ ብቻ ሣሩ እንዲላጭልኝ፣
ክብደቴን በግራ እግሬ ጥዬ፣ መሬቱን ጠረግኩት
እንደ ግቢ ጠራጊ፣ ያለ ኳስ፣ ያለ ምስክር፣ አራት ቀን።

ዘጠነኛ ቀን። ጥቅምት፤ ብርዱ ጥፍር ይነቅላል፣
ከሰንዳፋ የሚመጣው አይሱዙ መብራቱን አጥፍቷል።
ኳሷን አስቀመጥኩ። ቆምኩ። ወረድኩ።
ጧ!
አልነዘረኝም። እጄ ባዶ መሰለኝ፤
ተቆልፏል ብለው በትከሻ የገፉት በር
ክፍት ሆኖ ሲገኝ እንዳለው።
ከፎጣው ፊት፣ ከኳሷም ቦታ ፊት፣ መዳፍ የምታህል ሣር ተላጨች፤
ኳሷ ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከቋሚ ብረቶቹ በላይ ወጣች፣
ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።
ዳክዬዋ እንደተኛች ነበረች።

የቀጠለችውን ስመታ ፎጣው በረረ።
ከዚያ በኋላ ያለችውንም።

በማግስቱ ኦቦ ሆርዶፋ ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ፣
ጭብጣቸውን ፈታ አድርገው ነጭ ኳስ አሳዩኝ፦
«ዶሮህ ጤፌ ውስጥ ጥላ አደረች» አሉ፣ ሳይስቁ።
ፎጣውን አዩትና «ይኼስ?» ብለው ጠየቁ።
«ሳልነካው እንዳልፍ ነው።»
ዝም አሉ። አካፋውን ይዘውልኝ መጥተው ነበር፤
አጥሩ ላይ አስደገፉትና፣ በሽቦው ሾልከው ገቡ።
«እስቲ» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው።
እጃቸው ሰፊ ነው፣ የእርፍ እጅ።
ዱላውን ሰጠኋቸው፤
ፎጣውንም ትንሽ ወደ ኋላ አራቅሁት፣
በሳቸው ስንዝር።